ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ። ልደብቀው ብል ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም የሚያውቀኝ ሁሉ ይስቅብኛል። ቢሆነኝ የሚባለው ባሌ እንኳ ከእርሻ ሲመለስ መጀመሪያ ፊቴን አይቶ ነው ቀንበሩን የሚያስቀምጠው። እንግዲህ ይህን ነገር ስነግራችሁ ራሴን አለስልሼ አልነግራችሁም፤ ጥፋቱ ከዚሁ ከአመሌ ጋር የመጣ ነውና።

የበኩር ልጄን ያምሮትን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ስኳር ያዛት። ስኳር የከተማ ሰው በሽታ፣ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው በሽታ ነው ሲባል ነበር የምሰማው። የእኔ ልጅ ስኳር የሚሏትን ነገር በዓመት ሁለት ጊዜ ብታያት ነው። ውኃ ጠጥታ አትረካም፤ ለሽንት ስትመላለስ ታድራለች፤ በአንድ ወር ውስጥ ሥጋዋ አልቆ አጥንቷ ቀረ። በሸናችበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ አየሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሰዎች ተሸክመው አመጧት። በቃሬዛ አድርገን ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘን አስፋልቱ ላይ አወጣናት፤ ከዚያ በመኪና ፍኖተ ሰላም አደረስናት።

እዚያ ከገበያው ጀርባ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ አለች፤ ክንፈሚካኤል የሚባል ነርስ ይሠራባታል። እኛ ዶክተር ነው የምንለው፤ ነርስ ነኝ፣ ነርስ ነኝ ሲል ከርሞ ደክሞት ተወው። ልጄን ከሞት አፍ መለሰልኝ፤ ይህን አልክድም። ከዚያ አስቀምጦ አስረዳኝ። ሰውነቷ ከውስጥ ያመነጭ የነበረው ነገር ነጥፏል፣ አሁን ከውጭ በመርፌ ማግባት ነው፣ ኢንሱሊን ይባላል፣ ጠዋትና ማታ፣ አንድ ቀን እንኳ ከታጎለ ትሞታለች አለኝ። መርፌውን እንዴት እንደምሞላ፣ ቁጥሩ ላይ እንዴት እንደማቆም አሳየኝ። ቁጥር አውቃለሁ፤ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ። ጠዋት አሥራ ስድስት፣ ማታ የዚያን ግማሽ። ማርና ስኳር እንዳትነካ አለ። ስለ ላብና ስለ መንቀጥቀጥም አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር መሰለኝ፤ ጆሮዬ ግን «ትሞታለች» ከሚለው ቃል ወዲያ አልሰማም።

ብልቃጡን ሲያስረክበን ፍሪጅ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቢሆነኝ እሱ ደግሞ ምንድነው ሲለው ሳቅ አለና፣ እንግዲያው ሕፃናት ከማይደርሱበት፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡት አለን። እኔም ያንን ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም በልቤ እየደገምኩ አገሬ ገባሁ።

ቤቴ ውስጥ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ትንሹ ልጄ ጌታሁን ያኔ አራት ዓመቱ ነበር፤ የማይወጣበት፣ የማይበረብረው፣ አፉ የማይከተው ነገር አልነበረም። ከምድጃው በላይ ግን፣ ከጣራው ማገር ላይ፣ የበቆሎ ዘር እሰቅላለሁ። የልማት ሠራተኛው ምርጥ ዘር ውሰዱ እያለ ሲጨቀጭቀን እኔ የእናቴን ዘር አልተውኩም። ከነልባሱ ይታሰርና ጢሱ ላይ ይሰቀላል፤ ነቀዝ አይደፍረው፣ አይጥ አይደርስበት። ከርሞ የምንኖርበት ዘር የሚያድረው እዚያ ነው። ታዲያ የልጄን ነፍስ ከዘር አሳንሼ የት ላኑራት? ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልዬ ትንሽ ሙዳይ ውስጥ ከተትኩና ከበቆሎው መካከል ሰቀልኩት። ሕፃን አይደርስበትም፤ ፀሐይም አያገኘውም።

የመጀመሪያው ሰሞን ልጄ ልጅ ሆነች። ጉንጯ ሞላ፣ ትምህርቷን ጀመረች። የሸናችበትን ቦታ ጠዋት ጠዋት ሄጄ አያለሁ፤ ጉንዳን የለም። ዓይን እንዳይገባባት ብዬ ደስታዬን ለማንም አልተነፈስኩም። ወር ሳይሞላ ጉንዳኑ ተመለሰ።

ወደ ክሊኒኩ ይዣት ሄድኩ። ክንፈሚካኤል ጣቷን ወግቶ ደሟን አየና ስኳሩ ከፍ ብሏል፣ ወደ ሃያ እናሳድገው አለ። ከሃያ ወደ ሃያ ስድስት፣ ከሃያ ስድስት ወደ ሠላሳ። በየወሩ አዲስ ብልቃጥ፣ በየወሩ አዲስ ቁጥር። አዲሱ ብልቃጥ በተከፈተ ሰሞን ደህና ትሆናለች፤ እንዲያውም አንዳንዴ ላብ ላብ ይላትና ራበኝ ትላለች። መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ሲታገል ነው እላለሁ። ሳምንት ሲያልፍ ግን ያው መድኃኒት ውኃ ይሆናል፤ ልጄም ውኃ መጋት ትጀምራለች። እኔ ሌቱን ሙሉ ስትቀዳ፣ ስትጠጣ፣ ስትወጣ እሰማታለሁ። ተኝቼ አላውቅም ማለት እችላለሁ።

ክንፈሚካኤል አንድ ጊዜ፣ መድኃኒቱን በደንብ ነው የሚያስቀምጡት ወይ፣ መርፌውስ አይታጎልም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተቆጣሁ። ሰው ሁሉ ቁጭ ባለበት፣ ከዓይኔ ብሌን አብልጬ የምጠብቀውን ነው እንዴ የሚጠይቁኝ፣ ገጠሬ ስለሆንኩ ልጄን የማልወድ መሰለዎት አልኩት። አፈረ መሰለኝ፣ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። እንዳይጠይቀኝ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሰው መጠርጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሷን ልጄን ነው። ቢሆነኝ ከጓሮ ሁለት ቀፎ አለው፤ ማሩ በቅል ሆኖ ጓዳ ይቀመጣል። አንድ ቀን ያምሮትን ፀጉሯን ልሠራ ጭኔ ላይ ሳስተኛት ትንፋሿ ጣፈጠኝ። የበሰለ ፍሬ፣ ማር ማር የሚል ሽታ። በቃ፣ ሌባዋን ያዝኳት አልኩ። አልበላሁም እማ ብላ ማለችልኝ፤ በጊዮርጊስ፣ በአባቷ ማለችልኝ። አርጩሜ አምጥቼ ገረፍኳት። ያ ሽታ በሽታው ሲጠና ከራሷ ከሰውነቷ የሚወጣ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን መታኋት፤ እጄ ይቆረጥ።

ከዚያ ወዲህ ራበኝ ማለቷን ተወች። እኔም ተሻላት አልኩ።

ጎረቤቴ ባንቺአየሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ደሟ መድኃኒቱን ለምዶት ነው እንጂ ልጅቱ ምን ታድርግ፣ አለንጋ የለመደ በሬ በአንድ ምት መቼ ይነቃነቃል፣ በረታ ማድረግ ነው አለችኝ። እውነት መሰለኝ። ሰው ቢጨንቀው የማያምነው ነገር የለም።

በዘጠና ሰባት፣ የምርጫው ዓመት፣ ክረምቱ ከባድ ነበር። ወደ አስፋልቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ሲሞላ እንደማንሻገር አውቀን ከሰኔ በፊት ሦስት ብልቃጥ አንድ ላይ አምጥተን ነበር። ሦስቱንም ሰቀልኳቸው። በክረምት ደግሞ እሳቱ ከምድጃ አይጠፋም፤ ልብስ የሚደርቀው በእሳት፣ ቤት የሚሞቀው በእሳት። ሐምሌ ሲገባ ሠላሳው ምንም አልሠራ አለ። ያምሮት ከመደብ መነሣት አቃታት። በወንዙ ማዶ ክሊኒኩ፣ በወዲህ ልጄ፤ ዝናቡ ሌት ተቀን አይለይ። ቢሆነኝ ጨንቆት ደጃፍ ቆሞ ወንዙን ሲያዳምጥ ይውላል።

እኔም በራሴ እጅ ጨመርኩ። ሠላሳ ስድስት አደረግሁት። ሳምንት ጠብቄ አርባ ሁለት። ነሐሴ ላይ ሃምሳ። ለቢሆነኝም አልነገርኩት፤ መርፌውን የምሞላው እኔ፣ ቁጥሩን የማነበው እኔ። ሃምሳው ትንሽ አንገቷን ቀና አደረገልኝ። እሰይ፣ ልኩን አገኘሁት ብዬ ስለቴን አሰብኩ።

መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ተሸክመናት ፍኖተ ሰላም ገባን። ክንፈሚካኤል ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። የራሱን መርፌ ወጋት፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው አቆያት። ማታ ላይ አዲስ ብልቃጥ ሰጠኝና ከተማ ሰንብቱ፣ በየቀኑ ልያት አለ። ከዚያ ስንት ስትወስድ እንደከረመች ጠየቀኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሠላሳ ነው። አምና ያን ሁሉ ተቆጥቼው አሁን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ራሴ ሐኪም ሆንኩ እንዴት ልበል? ሠላሳ አልኩት። እንግዲያው በሠላሳው ይቀጥሉ፣ ነገ እንየው አለ። በሆዴ ግን፣ አንተ ምን ታውቃለህ፣ ልጄን እዚህ ያደረሳት ሃምሳው ነው አልኩ።

ቢሆነኝ ለአረሙ ወደ አገር ተመለሰ። እኛ ታላቅ እህቴ ሸጋዬ ዘንድ አረፍን። እታለም ሸጋዬ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከቡሬም ከጅጋም እየሰበሰበች ቅዳሜ ገበያ ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቅቤ ግን ገና በቅጠሉ እንዳለ አይታ የስንት ቀን እንደሆነ ትነግራችኋለች። ያን ምሽት ብልቃጡን ሰቅዬ ላኑር ብዬ ምድጃዋን ስፈልግ፣ አምጪው ብላ ከእጄ ወሰደችና ጨለማው ጓዳ፣ ቅቤዋ ውኃ ውስጥ ከሚቀመጥበት ገንዳ ዳር አስቀመጠችው። ሕፃን በቤቱ የለም፤ ፀሐይም አያገኘውም፤ ተውኩላት።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብልቃጡን አንሥታ ስትሰጠኝ እጄን ቀዘቀዘኝ። ምነው በረደ አልኩ እንጂ ወዲያ አላሰብኩም። ሃምሳ ሞላሁ። ወጋኋት። ያምሮት ገንፎውን ሁለት ጊዜ ጎርሳ አቅለሸለሸኝ ብላ ተወችው።

ወደ ስድስት ሰዓት ደጅ ጥላው ውስጥ አስቀምጫት ሳለ ላብ አጠመቃት። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ። ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ራበኝ» አለችኝ።

ከዚያች ከግርፊያው ቀን ጀምሮ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቁጣዬ ሊመጣ ሲል ምላሷ ተሳሰረ፤ የምትለው አይገባ ጀመር። ወዲያው ወደ ጎኗ ወደቀች፣ ዓይኗ ተገለበጠ።

በሽታው ተነሣባት አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ዓመት ሙሉ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ስትወድቅ ስኳሩ ወጥቷል፣ ስኳር ሲወጣ መርፌ ነው። ዘልዬ ብልቃጡን አመጣሁ። ሃያ ልጨምርባት መሙላት ጀመርኩ። እታለም ሸጋዬ ጎረቤት ጠርታ ወደ ክንፈሚካኤል ላከችና በብርጭቆ ስኳር በጥብጣ ይዛ መጣች። ልጅቱ ራበኝ ብላለች፣ ከራት ወዲህ ከሁለት ጉርሻ ገንፎ በቀር እህል በአፏ አልዞረም፣ እስቲ ትቅመስ አለች። በክርኔ ገፋኋት፤ ግማሹ ፈሰሰ። ስኳር የያዛትን ልጅ ስኳር ልታጠጪ፣ ልጄን ልትገይ ነው ብዬ ጮኽኩባት። እሷ አልጮኸችም። መርፌ የያዘውን እጄን አንጓው ላይ ጨመቀችና ያዘችው።

«ይህ መድኃኒት እናንተ ቤት የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ከምድጃው በላይ፣ ከዘሩ ጋር» አልኳት።

«ቅቤ ብሰጥሽ እዚያ ትሰቅይዋለሽ?»

ፀሐይ አያግኘው አለኝ እንጂ እሳት መቼ አለኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው ቀዝቃዛው ብልቃጥ እጄ ውስጥ መኖሩ የተሰማኝ። ዓመት ሙሉ የደከመው መድኃኒቱ ነበር፤ ልጄ አልሰረቀችም፣ ደሟም አልለመደም። ጢስና እሳት የበላውን ነገር ነበር ቁጥር እየጨመርኩ ስወጋት የከረምኩት። የዛሬው ግን ምንም አልነካውም። ሃምሳው ሙሉ ሃምሳ ነው።

እሱም ግምት ነው እኮ። በአንድ እጄ መርፌ፣ በእህቴ እጅ ስኳር፤ ብሳሳት ልጄን የምገድላት እኔ። ግንባሯን ዳሰስኳት። አገር ቤት ስትታመም እሳት ነበረች፣ ቆዳዋ እንደ ቆርበት የደረቀ ነበር። አሁን ቀዝቅዛለች፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል። መርፌውን ጣልኩት። በጎኗ አስተኝቼ ጣቴን ስኳሩ ውስጥ እየነከርኩ ድዷን፣ የጉንጯን ውስጥ ቀባሁ። አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ፤ እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ። ዋጠች። ቀባሁ፣ ዋጠች። ዓይኗ ተመለሰና ብርጭቆውን አየችው።

ክንፈሚካኤል እየሮጠ ደረሰ። ጣቷን ወጋ፣ ማሽኑን አየ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ስኳሩ እጅግ ወርዶ ነበር፣ አሁን እየተመለሰ ነው፣ ስኳር የሰጣት ሰው እጁ ይባረክ አለ። እታለም ሸጋዬ ወደ እኔ አገጯን ቀሰረች፤ ስድቤን ሁሉ ውጣ። አሁን ምሳ ብሉልኝ፣ እዚሁ ትረፍ፣ ማታ መጥቼ አያታለሁ ብሎ ቦርሳውን መዝጋት ጀመረ። ዚፑን እየሳበ፣

«ጠዋት ሠላሳ ነው የሰጧት አይደል?» አለኝ።

አዎ ብል የሚያውቅብኝ የለም። መልሱን እሱ ራሱ ሰጥቶኛል፤ ራሴን መነቅነቅ ብቻ ነው የቀረኝ። ልጄ ነቅታለች፣ ቁጭ ብላለች፣ ነገሩ አልፏል። እህቴ እየሰማች፣ ጎረቤቱ ደጅ ተሰብስቦ፣ በሰው ፊት የዘለፍኩት ሰው ፊቴ ቆሞ። አንገቴ ለመነቅነቅ ጀምሮ ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ ጀምሮ ነበር።

«ሃምሳ ነው» አልኩት።

አልሰማኝም መሰለኝ። ደገምኩለት። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠው። ያምሮትን እሱ ራሱ አቅፎ አነሣት፤ ተከትለነው ሮጥን። ክሊኒኩ ሲደርስ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ሰቀለላት። ይህ መድኃኒት ቶሎ ገብቶ ቶሎ የሚወጣ አይደለም፣ ገና እስከ ማታ ይሠራል፣ በሠላሳ ቢሆን ምሳው ይችለው ነበር፣ ሃምሳን ግን ምሳ አይችለውም አለን። እውነቱን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በልታ፣ ጠጥታ፣ ስታወራን ቆይታ፣ እዚያው አልጋ ላይ በዓይናችን ፊት እንደገና ሸሸችን። ላብ እንኳ አልነበራትም፤ ዝም ብላ እንቅልፍ የወሰዳት መሰለች። እቤት ብትሆን ምሳዋን በልታ ተኛች ብዬ ነጠላ አለብሳት ነበር። እሱ ግን ተዘጋጅቶ ነበርና በትልቅ መርፌ ግሉኮሱን በደም ሥሯ ገፋላት። መለሳት።

ከዚያ በኋላ ወደ ደጅ ጠርቶ አስቀመጠኝና ሁሉንም ጠየቀኝ። ስለ ምድጃው፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ሦስቱ ብልቃጥ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። መድኃኒቱ ሙቀት ሲያገኘው ይሞታል፣ ሲሞት ግን መልኩም ሽታውም አይለወጥም፣ ስለዚህ በዓይን አይታወቅም አለኝ። እርጥብ አሸዋ ያለበት እንስራ ውስጥ፣ ከእሳት ርቆ፣ ከጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው አለ። ቀጥሎም፣ እኔም ያን ዕለት ስጠይቅዎ ተቆጡኝና ተውኩት፣ ያጠፋሁት እሱን ነው አለ። አዲሱን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ጻፈልኝ። አሥራ አራት። ከተነሣንበት ከመጀመሪያው ቀን እንኳ ያነሰ።

ተመልሰን ስንገባ እታለም ሸጋዬ እንጀራ በሽሮ ይዛ መጥታ ነበር። ትሪውን አልጋው ላይ አድርጋ ለያምሮት አቀረበችላት። ልጄ ሽታው ሲደርሳት አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ክንፈሚካኤል ዞረችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ብበላ እማ አትቆጣም?» አለችው።

አልቆጣም ብዬ በማርያም ምዬ ነገርኳት። እሱ ቃሌን እስኪደግምላት ድረስ አልጎረሰችም።